ግድግዳው እየፈረሰ ኪራዩ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ቆሰበር ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፈ ተከራይ የሚያውቀው ነገር አለ። ጣሪያው ከዓምናው የባሰ ያፈሳል፤ የግድግዳው ምርጊት ከታች በኩል ተላጦ እንጨቱ ይታያል፤ በሩ ሐምሌ ሲገባ ያብጥና አልዘጋ ይላል። ኪራዩ ግን ከዓምናው ይበልጣል። ያገለገለ ነገር ዋጋው ይወርዳል ሲባል ያደግን ሰዎች (መኪናና ባጃጅን እንተዋቸው፤ እነሱ በአገራችን የራሳቸው ሕግ አላቸው) ይህን ስናይ ቀድሞ የሚመጣልን የአከራይ ስግብግብነት ነው። ስግብግብ አከራይ የለም አልልም። ይሁንና የአንድ ከተማ አከራይ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተነጋግሮ አይሰገበገብም። ጭማሪው ከሰው ጠባይ ሰፋ ያለ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ካላገኘን ደግሞ ተከራዩ ያለውን መብት የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት አናውቅም።

ከቤቱ እንጀምር። ቆሰበር፣ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናቡ የማይሰስትላት ከተማ ናት። ለኪራይ ከሚቀርቡት ክፍሎች ብዙዎቹ አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች ናቸው፦ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ጨርቅ ኮርኒስ፣ አልፎ አልፎም የአካባቢው ቀርቀሃ። ይህ አሠራር በራሱ ነውር የለበትም። ጭቃ ቤት ሙቀት ይይዛል፤ በዚህ ብርድ ካልተለሰነ የብሎኬት ቤት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ የሚፈልግ መሆኑ ላይ ነው። ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ላይ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ይልሰዋል። ምርጊቱ ሲሄድ ቋሚው እርጥበት ይጠጣል፤ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ መበስበስ ይጀምራል። ላይ ደግሞ ነፋስ ቆርቆሮውን በነቀነቀው ቁጥር የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ዙሪያውን ይዝጋል፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ኮርኒሱ ላይ ያቁራል። ከረጢቱ ሆድ አውጥቶ ሲንጠለጠል የሚታይበት ቤት ውስጥ አልጋው ያለበት ቦታ የሚወሰነው ለመኝታ በሚመች ሳይሆን በማያፈስበት ማዕዘን ነው።

መድኃኒቱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ቦይ መቅደድ፣ ከክረምት በፊት የላላውን ምስማር መምታት፣ አንድ ሁለት ቆርቆሮ መቀየር፣ በበጋ የግድግዳውን እግር መልሶ መመረግ። ይህ በየዓመቱ የተደረገለት ጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያያል። ያልተደረገለት ቤት ግን መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ብዙ፣ በመጨረሻም ከአዲስ ቤት የማይተናነስ ገንዘብ ይጠይቃል። አከራዩ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቤቱን የሠራው ወይም ያሠራው እሱ ነው። ታዲያ ለምን አይነካውም? ባይነካውም ስለሚከራይለት ነው።

ከተማዋ ውስጥ ክፍል የሚፈልግ ሰው የሚከፍለው በዋናነት ለግድግዳው አይደለም። የሚከፍለው ለቦታው ነው፦ ለመሥሪያ ቤቱ ቅርበት፣ ለአስፋልቱ፣ ለመብራቱ፣ ለውኃው፣ ለልጁ ትምህርት ቤት። ቆሰበር የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት፤ የዞኑ መምሪያዎች ሠራተኛ በሙሉ የሚያድረው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ መሐሏን ይሰነጥቃታል፤ ወደ ቻግኒ፣ ከዚያም ወደ ጉባና ወደ ሕዳሴ ግድብ የሚወስደው የሚገነጠለው ከእሷ ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነበራት፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሲጨመር ተማሪዎቹ በግቢ ቢያድሩም መምህራኑና የአስተዳደር ሠራተኞቹ ወደ ሰፈር ወጡ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ በየከተማው መጠጊያ የሚፈልገውን ሰው አብዝቷል።

ፈላጊው እንዲህ ሲበዛ አዲስ ክፍል በዚያው ልክ ቢሠራ ኖሮ አሮጌው ጭቃ ቤት ወይ ይታደስ ነበር፣ ወይ ኪራዩን ይቀንስ ነበር። ያ አልሆነም። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ሁለቱም ለደመወዝተኛ ሩቅ ናቸው። ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጠብቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ፤ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ቆርቆሮና ብረትን ጨምሮ፣ አብሮ ተጎተተ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። የአሮጌው ክፍል ኪራይ የሚወሰነው በራሱ ሁኔታ ሳይሆን አጠገቡ ሊሠራ ይገባው በነበረው፣ ግን ባልተሠራው አዲስ ክፍል ነው። አዲስ ቤት መሥራት በተወደደ ቁጥር፣ ምንም ያልተነካው አሮጌ ቤት ባለቤቱ እጁን ሳያነሳ ዋጋ ያገኛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መምህር በወር 2,000 ብር ክፍል ተከራይቷል እንበል። ወር መግቢያ ላይ አከራይዋ ትመጣለች።

«መምህር፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ አምስት መቶ ትጨምርልኛለህ እንግዲህ። ኑሮው እንደምታየው ነው።»

«እማማ፣ ጣሪያውስ? አምና ይሠራል ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እሱማ ይታያል። ካልተመቸህ ግን እኔ አልከለክልህም፣ ሌላ ፈልግ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ጉዳዩ በሙሉ አለ። መምህሩ ልልቀቅ ቢል ለደላላ ይከፍላል፣ ለጋሪ ይከፍላል፣ ለአዲሱ አከራይ ቅድሚያ ይከፍላል፣ በመጓጓዝ መሐል ዕቃ ይሰበርበታል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያገኘው ክፍል ከዚህኛው ላይሻል ይችላል። ስለዚህ ጭማሪው ከመልቀቂያ ወጪው እስካላለፈ ድረስ ይከፍላል። አከራይዋ ይህን በቁጥር ባታሰላውም በልምድ ታውቀዋለች። የጣሪያው ጥያቄ ምን እንደሆነ ደግሞ ልብ እንበል፤ መልስ አላገኘም፣ አልተከለከለምም፤ «ካልተመቸህ» በሚለው ቃል ተዘጋ። ጭማሪውን የሚያስከፍለውና ጥገናውን የሚያስቀረው ኃይል አንድ ነው፦ ተከራዩን በማንኛውም ወር ማስወጣት መቻል።

ከ1952 ጀምሮ ያለ ሕግ

የአከራይና የተከራይ ሕግ መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የቤት ኪራይን የሚመለከተው ክፍል ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ይገኛል። በዋጋ በኩል ሕጉ እጁን ሰብስቧል፤ ኪራዩን ተዋዋዮቹ በስምምነት ይወስናሉ። ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይን ማንኛውም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ማስጠንቀቂያውም ቀጣዩ ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ይጸናል። በየወሩ ለሚከፍል ሰው ይህ አንድ ሙሉ ወር እንኳ ላይሞላ ይችላል። የቃል ኪራይንም ሕጉ አይከለክልም፤ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው የተስማሙት ኪራይ ውል ነው።

ስለ ጥገና ግን ሕጉ ግልጽ ነው። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ማስረከብ፣ በኪራዩም ዘመን በዚያው ሁኔታ ማቆየት አለበት። ተከራይ ላይ የሚወድቁት ጥቃቅን ጥገናዎች ናቸው፤ የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የውኃ ቧንቧ ዓይነት። እነዚህም ቢሆኑ ብልሽቱ የመጣው ከእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ወደ አከራዩ ይመለሳሉ። ይህን ይዘን ወደ ቆሰበሩ ክፍል ብንገባ መልሱ አያከራክርም። ልጅ በኳስ የሰበረው መስታወት የተከራዩ ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ የበሰበሰ ቋሚ፣ በጠፈጠፍ የታጠበ ምርጊት የአከራዩ ነው። «ጣሪያውን ካሠራሁ ኪራይ እጨምራለሁ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ሕግ የለውም፤ ጣሪያው የማያፈስ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን በተከፈለው ኪራይ ውስጥ ተከፍሎበታል።

ስልሳ ዓመት ያለፈው ድንጋጌ ለምን አይሠራም? ጥገና ጠይቆ ፍርድ ቤት የሚሄድ ተከራይ ክሱ ከመቀጠሩ በፊት የማስወጫ ማስጠንቀቂያ ስለሚደርሰው ነው። በሚቀጥለው ወር ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ስለ ቆርቆሮ አይከራከርም። የመቆየት ዋስትና የሌለው የጥገና መብት ወረቀት ላይ ያለ መብት ነው።

በመጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መመዘን ያለብን በዚህ በኩል ነው ባይ ነኝ። ሲወጣ የሁሉንም ጆሮ የሳበው የዋጋው ቁጥጥር ነበር፤ ኪራይ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ውስጥ እንዲጨምር ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለጭቃ ቤቱ ተከራይ ትልቁ ነገር ብዙም ያልተወራለት ነው፦ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። «ካልተመቸህ ሌላ ፈልግ» የሚለው መልስ ለሁለት ዓመት ጉልበት ያጣል ማለት ነው። ያኔ የ1952ቱ የጥገና ድንጋጌ ከተኛበት ሊነሳ ይችላል፤ ተከራዩ ጣሪያውን በጽሑፍ ሲጠይቅ በአጸፋው የሚወረወርበት ነገር የለምና።

አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ላይ ቀጥታ ሲያርፍ ለክልሎች ግን የሚፈጸምባቸውን ከተሞች የመወሰን ሥልጣን ትቶላቸዋል። በአዲስ አበባ ምዝገባው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ተጀመረ። ስለዚህ ለቆሰበር ተከራይ የመጀመሪያው ጥያቄ የሕግ ትንተና አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ከተማችን ተካትታለች ወይ? ውል የሚመዘግበው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ካልተካተተች የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እዚያም ቢሆን ሁለት ዓመትን ውሉ ውስጥ በስምምነት ማስገባት የሚከለክል የለም።

መቶኛው የማያየው

አዋጁ ያልፈታው ነገር አለ። የተፈቀደው ጭማሪ 10 በመቶ ነው እንበል። አንዱ አከራይ በበጋ ቦይ ቀድዷል፣ ቆርቆሮ ቀይሯል፣ ግድግዳውን አስመርጓል፣ ለተከራዮቹ ሁለተኛ ሽንት ቤት አስቆፍሯል። ጎረቤቱ ምንም አላደረገም። ሁለቱም 10 በመቶ ይጨምራሉ። የሠራው ገንዘቡን አውጥቷል፣ ያልሠራው በኪሱ ይዟል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከሄደ የመጀመሪያውም ሞኝነቱ ይታየውና ይተወዋል። ዋጋን ከቤቱ ሁኔታ ነጥሎ የሚቆጣጠር ሕግ ጭማሪን ሊገታ ይችላል፤ ጥገናን ግን አያመጣም፤ እንዲያውም ሊያርቀው ይችላል።

ይህን ስል በመላ አነጋገር አይደለም፤ በአገራችን ተሞክሮ ታይቷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ የደረሰው ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ነበር። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለድሃው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ድረስ በየከተማው ብዙ ሰው ከመንገድ ያዳነው የቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ግን በዚያው ቆመ። አሥርና ሃያ ብር የሚሰበስብ ቀበሌ ቆርቆሮ አይቀይርም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም፤ ቢያድስም ፈቃድ ይጠየቃል። ቤቶቹ አረጁ፣ ዘመሙ፣ አንዳንዱ ተደገፈ፣ አንዳንዱ ወደቀ። የቆመ ኪራይ ቤት ያፈርሳል፤ የቆሰበሩ ምሳሌ ደግሞ እየጨመረ የሚሄድ ኪራይም ቤት አያሠራም ይለናል። ቤት የሚያሠራው ገንዘቡና ጥገናው የተሳሰሩበት ውል ሲኖር ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ለማሰር የሞከሩባቸው መንገዶች አሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ኪራይን የምትመዝነው ቤቱ ለነዋሪው በሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ ስፋቱ፣ ያለበት ሁኔታ፣ የተሟላለት ነገር ታይቶ ከሚመሳሰሉት ቤቶች ጋር ይነጻጸራል። ዓመታዊው ጭማሪ በአብዛኛው የሚወሰነው የተከራዮች ማኅበርና አከራዮች ተቀምጠው በሚያደርጉት ድርድር ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ቤቱ ለኑሮ የሚያውክ ጉድለት ካለበት ኪራዩ በሕጉ ኃይል እንደሚቀንስ ይናገራል፤ ጣሪያው የሚያፈስበት ተከራይ ሙሉ ኪራይ ዕዳ የለበትም። እዚያው ሕግ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም አንድ መለያ መስመር አለ። አከራዩ ቤቱን ካሻሻለ፣ ለምሳሌ ብርድ የሚከላከል መስኮት ካስገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ካወጣው ወጪ 8 በመቶውን በዓመታዊው ኪራይ ላይ ሊጨምር ይችላል። የተበላሸውን ወደነበረበት ከመለሰ ግን ምንም አይጨምርም። ጥገና ሌላ፣ ማሻሻያ ሌላ።

እነዚህ መንገዶችም ጉድ አላጡም። በሁለቱም አገር ተከራዮች በምሬት የሚያነሱት አከራዮች ሰው ለማስለቀቅ ሲሉ ቤት ማደሳቸውን ነው፤ ያልተጠየቀ ወለል ያነጥፋሉ፣ ኪራዩን ያንራሉ፣ ያልቻለው ይወጣል። ቆሰበር ላይ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። «ቤቱን ላድሰው ስለሆነ ልቀቁልኝ» የተባለ ተከራይ ከወር በኋላ ሲያልፍ ያው ግድግዳ በኖራ ብቻ ተቀብቶ፣ አዲስ ሰው ገብቶበት፣ ኪራዩ በእጥፍ ጨምሮ ያገኘዋል።

አከራዮች ሲያማርሩ የሚያነሱት አንድ ነገር ትክክል ነው፤ ሁሉም ባለጠጋ አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የሌላት፣ በሦስት ሰርቪስ ክፍል ኪራይ እህል የምትሸምት እናት ከአንድ ባለ ፎቅ አከራይ ጋር በአንድ ሚዛን አትቀመጥም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ እሷም ከዚያው ገበያ ነበር የምትሸምተው። ጭማሪዋ ለሷ ደመወዝ ነው። ይህን አለማየት ግብዝነት ይሆናል። ነገር ግን ኑሮ ተወደደ የሚለው ምክንያት ለተከራዩም እኩል ይሠራል። ከኪራዩ ምን ያህሉ የሷ መተዳደሪያ፣ ምን ያህሉ የቤቱ እንደሆነ ደግሞ መንግሥት አንድ ግምት አስቀምጧል፤ ማንም ልብ አይለውም እንጂ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከሚሰበስበው ጠቅላላ ኪራይ ግማሹን ለጥገናና ለቤቱ እርጅና ብሎ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ይቀንስለታል፤ ደረሰኝ ሳይጠይቀው። በክልል ደረጃ የወጡት የገቢ ግብር ሕጎችም በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለዋል።

በመምህሩ ክፍል እናስላው። በወር 2,000 ብር በዓመት 24,000 ነው። ሕጉ 12,000 ብሩን ለቤቱ እንደወጣ ይቆጥረዋል። 12,000 ብር ባንዲት ክፍል ላይ በየዓመቱ ቢወጣ ጣሪያው ባላፈሰ። አከራይዋ ግብሩን እንደ ደንቡ ብትከፍል እንኳ ለጥገና የተተወላትን ግማሽ ለምን እንዳዋለችው የሚጠይቃት የለም። እዚህ ላይ ማዘጋጃ ቤቱና ገቢዎች ቢነጋገሩ፣ ቅናሹም ቤቱ መጠገኑን በሚያሳይ ቀላል ማረጋገጫ ላይ ቢመሠረት፣ አዲስ አዋጅ ሳያስፈልግ ብዙ ቆርቆሮ በተቀየረ ነበር። ዛሬ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አከራዩ ግብር እንዳይመጣበት ውል አይጽፍም፤ ከጻፈም ግማሹን ኪራይ ብቻ ይጽፋል። ተከራዩ ይህን እንደ ውለታ አይቶ ይፈርማል። ወረቀቱ 1,000 የሚል፣ ክፍያው 2,000 የሆነ ሰው ግን ቅድሚያ የከፈለውን ለማስመለስ ሲነሳ ማስረጃው በእጁ ያለው በግማሽ ብቻ ነው። አከራዩም ከተጻፈው በላይ ልጠይቅ ቢል የፈረመበት ወረቀት አፉን ይይዘዋል። ሁለቱም በራሳቸው ላይ ፈርመዋል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

በየጽሕፈት ቤቱ የሚሸጠው የውል ቅጽ የአከራይን ስም፣ የተከራይን ስም፣ ዋጋውንና ጊዜውን ይጠይቃል፤ ስለ ቤቱ የሚለው «ቤቱን በሚገባ ተረክቤያለሁ» ነው። ተከራዩ ሳያነብ የሚፈርመው ይህ መስመር ኋላ ላይ ሁሉንም ያጣበታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ «በደህና አስረክቤሃለሁ፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው» ሊባል ይችላልና። በዚያ ምትክ የቤቱን ሁኔታ ዘርዝሮ መጻፍ ወረቀት አያበዛም፦ ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል፤ የምሥራቁ ግድግዳ ምርጊት ከታች ተላጧል፤ ቆጣሪው ለሦስት ክፍል የጋራ ነው፤ ሽንት ቤቱ ለመሙላት ተቃርቧል። በስልክ ፎቶ ማንሳትና ፎቶውን ለአከራዩም መላክ ቀኑን ያስይዛል። ጣሪያውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚጠግን ይጻፍ። ጭማሪ ካለም ከዚያ በኋላ እንደሚሆን ይጻፍ።

አከራዩ በእጁ ገንዘብ ከሌለው፣ እንደዚያች እናት፣ ተከራዩ አሠርቶ ወጪውን ከኪራይ ላይ እንዲያስብ መስማማት ይቻላል። በየግቢው በቃል የሚደረግ ነገር ነው፤ የሚበላሸው ስላልተጻፈ ነው። ተከራዩ ሦስት ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጺ ቀን ከፍሎ ጣሪያውን ያሠራል፤ በሁለተኛው ወር አከራዩ ረስቶታል፣ ወይም ልጁ መጥቶ «እኔ የማውቀው የለም» ይላል። ስለዚህ ከሥራው በፊት ዋጋው ይታወቅ፣ ከስንት ወር ኪራይ ላይ ስንት ስንት ብር እንደሚቀነስ በሁለት መስመር ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ደረሰኙ ከውሉ ጋር ይያያዝ። አከራዩ ቤቱ ይድንለታል፣ ተከራዩም ለቀጣዩ ዓመት ጭማሪ መከራከሪያ ያገኛል።

ኪራይን በእጅ መስጠትም ይቅር። በባንክ የተላከ 2,000 ብር ማን ለማን መቼ እንደላከ ራሱ ይናገራል። ኪራይ አሳልፎ የተገኘ ተከራይ ግን በየትኛውም ሕግ ደካማ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ኪራዩ ለዘገየበት አከራይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል፤ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ኪራይ አንድ ወር፣ ከዚያ ላነሰ 15 ቀን ጊዜ መስጠት አለበት። ስለዚህ «ጣሪያውን እስክትሠራ ኪራይ አልከፍልም» ማለት አደገኛ ነው፤ ትክክል የሆነውን ተከራይ ጥፋተኛ ያደርገዋል። ኪራዩን በቀኑ እየከፈሉ ጥገናውን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ካልተሰማ ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት መሄድ ይሻላል። ሽማግሌን የማነሳው ለይስሙላ አይደለም። አከራዩና ተከራዩ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአንድ ቦኖ ውኃ እየቀዱ ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ኑሮ ለሁለቱም ይከብዳል፤ በሽማግሌ ፊት የተጻፈና የተፈረመ ስምምነት ግን ውል ነው፣ ኋላ ፍርድ ቤት ቢደርሱም ይነበባል።

የጥገና ጥያቄው ጊዜም አለው። ቆሰበር ላይ በሐምሌ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፤ በዝናብ መሐል ቆርቆሮ የሚነቅል አናጺም አይገኝም። በክረምት የሚጠይቅ ተከራይ «ዝናቡ ያባራ» ይባላል፣ ሲያባራ ደግሞ ጣሪያው ስለማያፈስ ጥያቄው ይረሳል። ማመልከቻው ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ ለአከራዩ ተሰጥቶ ሌላው ተፈርሞበት ተከራዩ ዘንድ ይቅር።